ለሳሎን ኮምፒውተር ገመድ አልባ ኪቦርድ፦ የትኛው ለየትኛው ቤት?

ቢሮ ሲያገለግል የቆየ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገዝቶ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ማያያዝ፣ ከዚያም በሃርድ ዲስክ የተከማቸውን ፊልም፣ መዝሙርና የሠርግ ቪዲዮ ሳሎን ተቀምጦ ማየት በደብረ ብርሃን በማውቃቸው ብዙ ቤቶች የተለመደ ነገር ሆኗል። ኮምፒውተሩ ቡፌው ላይ ወይም ቡፌው ውስጥ ይቀመጣል፤ ቤተሰቡ ግን ሦስት አራት ሜትር ርቆ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ሶፋው ላይ ነው። ፊልሙን ለማቆም ወይም ድምፁን ለመቀነስ በየጊዜው ከጋቢ ወጥቶ ወደ ቡፌው መመላለስ ስለሚያታክት፣ ብዙም ሳይቆይ «ምን ዓይነት ገመድ አልባ ኪቦርድ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

ለእናቴ ቤት፣ ሸዋ ሮቢት ለሚኖረው ወንድሜና ለጥቂት ጎረቤቶች ይህንኑ ስገጣጥም ቆይቻለሁ። ሻጭ አስቀድሞ የሚነግረን ስለ ኪቦርዱ መልክና ስንት ሜትር ርቀት ላይ እንደሚሠራ ነው። ለሳሎን ግን ርቀቱ ብዙም አያሳስብም፤ ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ እስከ 10 ሜትር ይደርሳሉ ተብሎ ይጻፍባቸዋል፣ የእኛ ሳሎን ደግሞ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሆንም። እኔ የማስቀድመው መለኪያ ሌላ ነው፦ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ኮምፒውተሩ ገና ዊንዶውስ ሳይከፍት፣ ኪቦርዱ ይታዘዛል ወይስ አይታዘዝም? ይህንን ጥያቄ ያልመለሰ ኪቦርድ የቱንም ያህል ቢያምር ለብቻው ሊታመን አይገባም።

ዶንግል ወይስ ብሉቱዝ

ዋናው ምርጫ በሁለት መካከል ነው። አንደኛው ዓይነት ከጥፍር የማይበልጥ የዩኤስቢ መሰኪያ ይዞ ይመጣል። ሻጮች «ሪሲቨር» ይሉታል፤ ሪሲቨር ስንል ግን ቤታችን ያለው የዲሽ ማጫወቻ ስለሚመጣብን እዚህ «ዶንግል» እለዋለሁ። ሁለተኛው በብሉቱዝ የሚሠራ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ብሉቱዝ ካለው ምንም መሰኪያ አይፈልግም። ሁለቱም የሚጠቀሙት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ግድግዳ ሲያልፍ ሌላው የማያልፍበት ምክንያት የለም። ልዩነታቸው ያለው ከኮምፒውተሩ ጋር በሚተዋወቁበት መንገድ ነው። ዶንግል ለኮምፒውተሩ ልክ በገመድ እንደተሰካ ተራ ኪቦርድ ሆኖ ይታየዋል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ገና እንደተነሳ፣ ባዮስ በሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ሳለ ጭምር ይታዘዝለታል። የብሉቱዝ ኪቦርድ ግን በአብዛኛው የሚሠራው ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ተከፍቶ የብሉቱዝ ፕሮግራሙን ካስነሳ በኋላ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ትንሽ ልዩነት ይመስላል። ለእናቴ ቤት መጀመሪያ የወሰድኩላት የብሉቱዝ ኪቦርድ ነበር፤ ቀጭን፣ ቀላል፣ ለዓይንም የሚስብ ነው። አንድ ምሽት መብራት ሄዶ ሲመለስ ስልክ ደወለችልኝ።

«ልጄ፣ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆኖ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያሳየኝ፤ ፈረንጅኛ ነው።»

«እማዬ፣ ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ ኤፍ የሚል ፊደልና የአንድ ቁጥር አለ?»

«አለ። ኪቦርዱ ላይም አገኘሁት፤ ብጫነው ብጫነው አይሰማኝም እንጂ።»

ችግሩ የእርሷ አልነበረም። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ሰዓቱንና ቀኑን የምትጠብቅ ሲአር2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አለች። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ላይ ይህች ባትሪ ብዙ ጊዜ ደክማ ነው የምትገኘው፤ እኛ ደግሞ የኤሌክትሪኩን መዋዠቅ ፈርተን ማታ ማታ ከሶኬት ስለምንነቅል ፈጥና ታልቃለች፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሲያድር ሰዓቱ የሚመገበው ከመስመሩ ነው። ባትሪዋ ካለቀች መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩም «ሰዓቱ ተሳስቷል፣ ለመቀጠል ኤፍ 1ን ይጫኑ» ብሎ ይጠብቃል። የብሉቱዝ ኪቦርድ በዚያ ደረጃ ላይ ለኮምፒውተሩ የለም፤ ቢጫኑት የሚሰማው የለም። መብራት ድንገት ከሄደ በኋላ ዊንዶውስ የሚያመጣው የጥገና ገጽም ላይ እንዲሁ ብዙ ጊዜ አይሠራም። በማግሥቱ ሄጄ ባትሪዋን ቀየርኩ፣ ኪቦርዱንም ባለ ዶንግል በሆነ ለወጥኩት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ቤት ብሉቱዝን ብቸኛ ኪቦርድ አድርጌ አላስገባሁም።

በነገራችን ላይ ይህንን ባትሪ መቀየር ከማንኛውም አዲስ ኪቦርድ ያነሰ ወጪ ያለው ሥራ ነው፤ ያገለገለ ኮምፒውተር ለሳሎን የሚያስገባ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቢቀይራት እመክራለሁ። ባዮስ ውስጥም ኤሌክትሪክ ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ በብዙዎቹ ላይ አለ፤ ቡፌ ውስጥ ለተቀመጠ ኮምፒውተር ጠቃሚ ነው።

ብሉቱዝን ግን ማጣጣል አልፈልግም፤ የራሱ ብልጫ አለው። ዶንግል ስለሌለው የሚጠፋ ነገር የለም። አንዳንዶቹ ከሦስት መሣሪያ ጋር ተዋውቀው በአንድ ቁልፍ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ታብሌት ይዘዋወራሉ። የተማሪ ልጅ ያለበት ቤት ቀን ቀን በስልክ ማስታወሻ ለመጻፍ፣ ማታ ፊልም ለማዘዝ አንዱን ኪቦርድ ሊጠቀምበት ይችላል። ነገር ግን ከመግዛት በፊት ኮምፒውተሩ ብሉቱዝ እንዳለው ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ስለሌላቸው የብሉቱዝ ዶንግል ለብቻ መግዛት ይመጣል። ያን ጊዜ «መሰኪያ አያስፈልገውም» የሚለው ብልጫ ይቀራል፣ የኤፍ 1 ችግር ግን እንዳለ ነው።

ባለ ዶንግሉም ጉድለት አለው። ርካሾቹ ኪቦርዶች ከአንድ ዶንግል ጋር ብቻ ተጋብተው የሚመጡ ስለሆኑ፣ ዶንግሉ ከጠፋ ወይም ልጅ ከሰበረው ኪቦርዱ ከዚያ ወዲያ ፕላስቲክ ነው። ሎጂቴክ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ዩኒፋይንግ የተባለው ዶንግል በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ ላዩ ላይ ትንሽ ብርቱካናማ ምልክት አለበት፣ እስከ ስድስት መሣሪያ ይይዛል፣ ቢጠፋም ሌላ ዩኒፋይንግ ዶንግል ተገዝቶ ከኪቦርዱ ጋር በፕሮግራም ሊጣመር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ቦልት የሚባል አዲስ ዓይነት መጥቷል፤ ሁለቱ ግን አይተካኩም፣ ስለዚህ ሲገዙ የትኛው እንደሆነ ምልክቱን አይቶ መለየት ያሻል።

ፊደል የሚውጠው ሃርድ ዲስክ

ብዙ ሰው ኪቦርዱን «ተበላሸ» ብሎ የሚጥልበት፣ ኪቦርዱ ግን ምንም ያልሆነበት አንድ ችግር አለ። ሸዋ ሮቢት ወንድሜ ቤት የገጠመኝ ይኸው ነው። ኪቦርዱ ሳምንቱን ሙሉ በደንብ ሲሠራ ይሰነብትና ቅዳሜ ማታ ጓደኞቹ ፊልም የሞላ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዘው ሲመጡ ያብዳል፤ የማውሱ ቀስት እየተንተባተበ ይሄዳል፣ ከተጻፈው ፊደልም አንዳንዱ ይቀራል። እኛ አማርኛን የምንጽፈው በድምፅ አጻጻፍ፣ ማለትም ድምፁን በእንግሊዝኛ ፊደል እየተጫንን ስለሆነ ደግሞ የቀረችው አንዲት አናባቢ ቃሉን ትለውጠዋለች። ፋይል ፍለጋው ላይ «ሰላም» ብሎ ሲጽፍ ከመሐል ያለችው አናባቢ ትዋጥና ስክሪኑ ላይ «ሰልም» ይወጣል፤ ኮምፒውተሩም እንዲህ የሚባል መዝሙር የለም ይለዋል። ወንድሜ ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ቀየረ፤ ለውጥ አልመጣም።

ቡፌውን ከግድግዳው ሳብ አድርጌ ኋላውን ሳየው ዶንግሉ ከሃርድ ዲስኩ ገመድ ጎን፣ በጣት ስፋት ልዩነት ተሰክቷል። ሃርድ ዲስኩ ውስጣቸው ሰማያዊ በሆኑት የዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳዎች የሚሠራ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ የዩኤስቢ 3.0 መሣሪያና ገመድ በሥራ ላይ ሲሆን ከ2.4 እስከ 2.5 ጊጋኸርዝ ባለው የሞገድ ክልል ውስጥ የሬዲዮ ጩኸት ይረጫል፤ ይህም ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ የሚነጋገሩበት ክልል ነው። ዶንግሉ የኪቦርዱን ደካማ ድምፅ የሚሰማው በገበያ መሐል ሹክሹክታ እንደሚያዳምጥ ሰው ሆኖ ነው ማለት ነው። ሃርድ ዲስኩ ሲነቀል ችግሩ የሚጠፋውም ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ አንድ ሜትር የሚሆን የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ነው። ዶንግሉን ማራዘሚያው ጫፍ ላይ ሰክቼ በቡፌው ጠርዝ በኩል ወደ ፊት አወጣሁት፣ ከቴሌቪዥኑ እግር ሥር በፕላስተር አጣበቅኩት። ከዚያ ወዲያ ወንድሜ ስለ ኪቦርዱ አልደወለም። ማራዘሚያ ከሌለ እንኳ ዶንግሉን ከኋላ ነቅሎ በኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ባለ ጥቁር የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ላይ መሰካት ብዙ ያግዛል። ኮምፒውተሩ በብረት ሳጥን ወይም በብረት በር ውስጥ ከተቆለፈም ብረቱ ሞገዱን ስለሚያግድ ዶንግሉ የግድ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ የእንጨት ቡፌ ግን ያን ያህል አያስቸግርም። ጋቢና ብርድ ልብስም አያግዱትም። ኪቦርዱን ጉልበት ላይ አድርጎ ጎንበስ ሲሉበት ግን የሰው አካል ውኃ የበዛበት ስለሆነ ሞገዱን በመጠኑ ይውጣል።

ይህ ጩኸት ብሉቱዝንም ይነካል። ብሉቱዝ ሞገዱን በየቅጽበቱ እየቀያየረ ስለሚሠራ ከጩኸቱ ለማምለጥ ይሞክራል፤ ነገር ግን ትንሿ የብሉቱዝ መሰኪያ ከዚያው ሃርድ ዲስክ ጎን ከተሰካች ዕጣዋ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ኪቦርድ ሊለውጥ የተዘጋጀ ሰው መጀመሪያ የዶንግሉን ቦታ ይለውጥ።

መጠኑ፣ እጅና ዓይን

ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ማውስ ማንሸራተት አይመችም፤ ሶፋው ላይ፣ ጋቢው ላይ ማውስ አይሄድም። ስለዚህ ታችፓድ (በጣት እየነኩ ቀስቱን የሚያንቀሳቅሱበት ሰሌዳ) አብሮት ያለ ኪቦርድ መምረጥ ያስፈልጋል። ለዚህ ዓላማ ተለይተው ከሚሠሩት በጣም የታወቀው ሎጂቴክ ኬ400 ፕላስ ነው፤ ታችፓዱ በቀኝ በኩል ነው፣ በግራ ጫፍ ላይ ደግሞ የማውስ ጠቅታን የሚተካ ቁልፍ ስላለው በሁለት እጅ ይዞ በአውራ ጣት ማዘዝ ይቻላል። በሁለት ድርብ ኤ ድንጋይ ይሠራል፣ አምራቹም እስከ 18 ወር ይቆያል ይላል። ለእናቴ ቤት የሄደው ይኸው ነው።

ሌላው ምርጫ በመዳፍ የሚያዘው ትንሹ ኪቦርድ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፤ ፊደሎቹ በጨለማ የሚያበሩለትም አለ፣ ይህም መብራት አጥፍቶ ፊልም ለሚያይ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ወጣቶች እንደ ስልክ በሁለት አውራ ጣት ይጽፉበታል። ለትልቅ ሰው ግን አልመክረውም። የቁልፎቹ ጽሑፍ ጤፍ ታክላለች፤ መነጽር ለምታደርግ እናት በዚያ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ብላ መዝሙር እንድትፈልግ መጠየቅ ማንገላታት ነው። በዚያ ላይ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ኤፍ 1፣ ኤፍ 2፣ ኤፍ 12 እና ዲሊት የሚባሉት ቁልፎች ብዙውን ጊዜ ከሌላ ቁልፍ ጋር ተደርበው ይሠራሉ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከናካቴው አይገኙም። መብራት ተመልሶ ኮምፒውተሩ ኤፍ 1ን ሲጠይቅ የምንፈልገው ደግሞ እነርሱን ነው።

ሙሉ ኪቦርድ ለፊልም ምን ያደርጋል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ኮዲና ቪኤልሲ በሚባሉት የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራሞች ሰፊው ቁልፍ (ስፔስ) ፊልሙን ያቆማል፣ ያስቀጥላልም። በቪኤልሲ ቪ ፊደል የግርጌ ጽሑፉን ይለዋውጣል፤ ጽሑፉ ከንግግሩ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሲመጣ ጂ እና ኤች ፊደሎች በ50 ሚሊሰከንድ እየገፉ ያስተካክሉታል። ይህን ለአንዲት አክስቴ ካሳየኋት ወዲህ ሪሞት ይሻላል ብላ አታውቅም። የአማርኛ ጽሕፈት በርቶ ከሆነ ግን እነዚህ አቋራጮች ላይታዘዙ ስለሚችሉ በዊንዶውስ ቁልፍና በሰፊው ቁልፍ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ያሻል።

ስልክን በኪቦርድ ፋንታ

ገንዘብ ማውጣት ለማይፈልግ ሰው ስልኩ ራሱ ኪቦርድና ታችፓድ ይሆንለታል። ኬዲኢ ኮኔክትና ዩኒፋይድ ሪሞት የመሳሰሉ መተግበሪያዎች ስልኩንና ኮምፒውተሩን በአንድ ዋይፋይ ላይ ያገናኛሉ፤ ከተጫኑ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። ዋይፋይ ራውተር የሌለበት ቤት የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ ኮምፒውተሩን ማገናኘት ይችላል። ሆኖም አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ሆትስፖቱን ሲከፍቱ የሞባይል ዳታውን ይዝጉ። ካልዘጉት ዊንዶውስ ኢንተርኔት አገኘሁ ብሎ ራሱን ማደስ ይጀምርና የወሩ ፓኬጅ በአንድ ምሽት ያልቃል።

ስልክን እንደ ተጨማሪ እንጂ እንደ ዋና አልቆጥረውም። የስልኩ ባለቤት ከቤት ሲወጣ ኪቦርዱም አብሮት ይወጣል፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር ፊልሙን የሚያዝዘው ሰው ወደ ጓዳ ይገባል። መብራት ተመልሶ ኮምፒውተሩ ከባዮስ ካልተሻገረም፣ ዋይፋዩ ገና ስላልተነሳ፣ ከብሉቱዝ ኪቦርድ የሚሻልበት ነገር የለም።

በኢንፍራሬድ የሚሠሩት የድሮ ኪቦርዶች እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት ፊት ለፊት ማነጣጠርን ስለሚፈልጉ አሁን የሚመከሩ አይደሉም። ባለ ገመዱን ኪቦርድ በማራዘሚያ ሶፋው ድረስ ማምጣትም ይቻላል፤ የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ወሰን 5 ሜትር ነው። ነገር ግን ቡና ተፈልቶ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ረከቦቱ መሐል ሲቀመጥ በመሬት ላይ የተዘረጋ ገመድ አደጋ ነው፤ የፈላ ጀበና ባለበት ክፍል አልዘረጋውም።

ድንጋይና ምስጢር

የተለመደውን ድንጋይ የሚወስድ ኪቦርድና አብሮ የተሰራ የሚሞላ ባትሪ ያለው ሲነጻጸሩ፣ ለእኛ አካባቢ ድንጋዩን እመርጣለሁ። የሚሞላው ከዓመታት በኋላ ይደክማል፣ መለዋወጫውን ማግኘትም ያስቸግራል፤ ድንጋይ ግን መንዝ ውስጥ ባለ ትንሽ ሱቅም ይገኛል። ርካሹ ድንጋይ ሲያልቅ ፈሳሽ አውጥቶ የብረት መገናኛውን ስለሚበላ አልካላይን የሚል የተጻፈበትን መግዛት፣ ኪቦርዱ ለረጅም ጊዜ የማይሠራ ከሆነም ማውጣት ይሻላል። ብርድ የድንጋይን ጉልበት ስለሚቀንስ ማታ ከመስኮት ሥር ባይተውት መልካም ነው።

በዚህ ኪቦርድ የባንክ የይለፍ ቃል የሚጽፍ ሰው ካለ አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ። ባስቲል የተባለ የደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው፣ አንዳንድ ርካሽ ባለ ዶንግል ኪቦርዶች የሚጫኑትን ፊደል ሳይመሰጥሩ ስለሚልኩ እስከ 76 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው ሊያነባቸው ይችላል። ብሉቱዝ በዚህ ይበልጣል፤ የሚላከው ይመሰጠራል። ስለዚህ የገንዘብ ጉዳይ በዚያ ኮምፒውተር የሚሠራ ከሆነ ምስጠራ እንዳለው ማሸጊያው ላይ የሚጽፍ ኪቦርድ መግዛት ወይም የገንዘቡን ሥራ በስልክ ብቻ ማድረግ ይገባል።

ለየትኛው ቤት

እናት አባት፣ ልጆችና እንግዳ የሚፈራረቁበት ሳሎን ከሆነ፣ ታችፓድ ያለው፣ ፊደሉ ጎልቶ የሚነበብ፣ ባለ ዶንግል ኪቦርድ ይግዙ፤ ዋጋው ከትንሹ ቢበልጥም ዕድሜውና ምቾቱ ይመልሰዋል። ብቻውን የሚኖርና በጨለማ ፊልም የሚያይ ወጣት የሚያበራውን የመዳፍ ኪቦርድ ቢወስድ አይቆጭም፤ አስቀድሞ ግን የኤፍ ቁልፎቹን ይቁጠር። ኪቦርዱን ከስልክና ከታብሌት ጋር የሚጋራ ሰው ብሉቱዙን ይውሰድ። ብሉቱዝም ይሁን ስልክ የመረጠ ሰው ግን ከአሮጌ ኮምፒውተር የተረፈ ባለ ገመድ ኪቦርድ በቡፌው መሳቢያ ውስጥ ያኑር፤ እናቴ ቤት እንኳ ዶንግሉ እያለ አንዱ ከዳንቴሉ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ሱቅ ሲሄዱ ድንጋይ ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ ኪቦርዱን በራሱ ኮምፒውተር ላይ እንዲሰካልዎ ይጠይቁ፣ ኖትፓድ ከፍተው እያንዳንዱን ፊደል ይጫኑ፣ አምስት እርምጃ ያህል ርቀውም ይድገሙት። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሲያስነሳው ዲሊት ወይም ኤፍ 2ን እየደጋገሙ ይጫኑ፤ ባዮሱ ከተከፈተልዎ ገንዘቡን ይክፈሉ፣ ከመውጣትዎ በፊት ደግሞ ዶንግሉ ካርቶኑ ውስጥ መመለሱን ይዩ።